ሁለተኛው ክፍያ፦ የአነስተኛ ንግዶች የሆስቲንግ ወጪ ለምን ከሚገባው በላይ ይወደዳል?

የአንድ አነስተኛ ድርጅት ድረ ገጽ በኢንተርኔት ላይ እንዲቆይ በወር ምን ያህል ሊከፈልበት ይገባል? መልሱ እንደ ተጠያቂው እጅግ ይራራቃል። አንዱ 3 ዶላር ይበቃል ሲል ሌላው ከ50 ዶላር በታች የሚሸጥ አገልግሎት አያስተማምንም ይላል። ክርክሩ የሚጋጋለው ደግሞ የመጀመሪያው ውል አልቆ የእድሳት መጠየቂያው ሲመጣ ነው። ባለንግዱ ሲመዘገብ ያየው ዋጋ ሦስትና አራት እጥፍ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ተታለልሁ ብሎም ያማርራል። አቅራቢው በበኩሉ በውሉ ላይ ከሰፈረው አንዲት ሳንቲም አልጨመርሁም ይላል። ብዙውን ጊዜ የሁለቱም አባባል እውነት ነው፤ ጉዳዩን አደናጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው።

ለባለንግዶች የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው በወርኃዊው ዋጋ ላይ ያተኩራል፦ የትኛው አቅራቢ ርካሽ ነው፣ የትኛውስ ቅናሽ አድርጓል። ወርኃዊው ዋጋ ግን የነገሩ ትንሹ ክፍል ነው። ድረ ገጽ ከሚገባው በላይ የሚያስከፍለው ባለቤቱ ሁለተኛውን ክፍያ፣ ማለትም የእድሳቱን፣ ሳያሰላ ሲገባ፣ ዋጋው ሲጨምር ደግሞ ጥሎ ለመውጣት አቅም ሲያጣ ነው። የመጀመሪያው የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የባለቤትነት።

## ገንዘቡ የሚከፈለው ለምንድን ነው?

ድረ ገጽ ሲታይ የፋይሎች ስብስብ ነው፦ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍ፣ ገጹ እንዴት እንደሚታይ የሚወስን መመሪያ፣ ብዙ ጊዜም ዳታቤዝ የሚባለው የመረጃ ቋት። እነዚህ ፋይሎች ሌት ተቀን በማይጠፋና ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ኮምፒውተር፣ ማለትም በሰርቨር ላይ መቀመጥ አለባቸው። ሆስቲንግ የሚባለው የዚህ ቦታ ኪራይ ነው። ዶሜይን ስም ሌላ ነገር ነው፤ ጎብኚው ድረ ገጹን ለማግኘት የሚጽፈው አድራሻ ሲሆን የሚመዘገበውም ሬጅስትራር በሚባሉ መዝጋቢ ድርጅቶች በኩል ነው። በድርጅቱ ስም የሚከፈት ኢሜይል ደግሞ ሦስተኛ አገልግሎት ነው። ሦስቱን ከአንድ ቤት መግዛት ይቻላል፤ ግዴታ ግን አይደለም። ሦስቱ በአንድ ደረሰኝ ላይ ሲጠቃለሉ የትኛው ምን ያህል እንዳስወጣ ለማወቅ ይቸግራል፤ ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ የራሱን የክትትል ክፍያ ጨምሮበት ከሆነ ደግሞ ጭራሹን አይታወቅም።

ኪራዩም ዓይነት አለው። የጋራ ሆስቲንግ በሚባለው በመቶዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾች የአንድን ሰርቨር አቅም ይጋራሉ፤ ርካሽ የሆነውም ስለዚህ ነው። ቪፒኤስ በሚባለው አሠራር አንዱ ሰርቨር በሶፍትዌር ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ተከራይ የተለየ ድርሻ ይሰጠዋል፤ የማስተዳደሩ ሥራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለተከራዩ ይተዋል። ማኔጅድ የሚባለው ሆስቲንግ ይህን ሥራ፣ ማለትም ሶፍትዌር ማሻሻሉን፣ መጠባበቂያ ቅጂ መያዙንና ጥበቃውን፣ አቅራቢው እንዲሸከመው የሚደረግበት ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ አቅርቦ ያስፋፋው ክላውድ ደግሞ እንደ ቆጣሪ ነው፤ የሚከፈለው በተጠቀሙት ልክ ነው።

## አንድ አነስተኛ ድረ ገጽ በእርግጥ ምን ያህል ይፈልጋል?

ብዙ ባለንግዶች ከፍ ያለውን ጥቅል የሚገዙት የራሳቸውን ፍላጎት በቁጥር አይተውት ስለማያውቁ ነው። በቀን 100 ሰው የሚጎበኘው የአገልግሎት ድርጅት ድረ ገጽ እንውሰድ፤ ለአነስተኛ ድርጅት ይህ የሚናቅ ቁጥር አይደለም። እያንዳንዱ ጎብኚ ሦስት ገጽ ቢከፍት በቀን 300 ገጽ ይሆናል። አንዱ ገጽ ከነፎቶግራፉ 2 ሜጋባይት ቢመዝን በቀን 600 ሜጋባይት፣ በ30 ቀን 18 ጊጋባይት ይተላለፋል። ርካሽ የሚባሉት የጋራ ሆስቲንግ ጥቅሎች እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈቅዳሉ። የቀኑ 300 ገጽ በሙሉ በሦስት ሰዓት ውስጥ ቢከፈት ሰርቨሩ የሚጠየቀው በደቂቃ ሁለት ገጽ አይሞላም። የማስቀመጫ ቦታውም ያው ነው፤ በተገቢው መጠን የተቀነሱ፣ እያንዳንዳቸው 300 ኪሎባይት የሚመዝኑ 500 ፎቶግራፎች 150 ሜጋባይት ብቻ ይይዛሉ።

እንዲህ ያለ ድረ ገጽ ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከሰርቨሩ ሳይሆን ከገጹ ይነሣል። ከስልክ ካሜራ እንደ ወጣ የተጫነ 6 ሜጋባይት ፎቶግራፍ፣ ማንም የማይጠቀምባቸው ተጨማሪ ፕሮግራሞች ማለትም ፕለጊኖች፣ አንድ ጊዜ የተዘጋጀውን ገጽ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ጎብኚ የሚያቀርበው ካሽ የሚባለው አሠራር አለመብራቱ፦ እነዚህ በሁለት እጥፍ ኪራይ አይፈወሱም። ስለዚህ ድረ ገጽዎ ስለከበደ ወደ ከፍተኛው ጥቅል ይሸጋገሩ የሚል ማሳሰቢያ ሲመጣ፣ ከመክፈል በፊት በሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ያለውን የአጠቃቀም ሰንጠረዥ መክፈት ይበጃል። የማቀነባበሪያና የማስታወሻ አጠቃቀሙ ከጣሪያው ጋር የሚጋጨው ስንት ጊዜ እንደሆነ በዚያ ይታያል። መስመሩ ወሩን ሙሉ ከግርጌ የማይነሣ ከሆነ ማሳሰቢያው የሽያጭ መልእክት ነው።

ይህ ሒሳብ ለሁሉም አይሠራም። በመስመር ላይ ዕቃ የሚሸጥ፣ ቀጠሮ የሚያስይዝ ወይም አባላት በይለፍ ቃል የሚገቡበት ድረ ገጽ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ገጽ ስለሚያዘጋጅ በካሽ የሚቀልለው ሥራ ጥቂት ነው። በእንዲህ ያለው ድረ ገጽ ላይ 100 ጎብኚ ከላይ ካለው 1,000 ጎብኚ የበለጠ ሊከብድ ይችላል።

## የሦስት ዶላሩ ሒሳብ

ለማሳያ ያህል በወር 3 ዶላር የሚል ማስታወቂያ እንውሰድ። ይህ ዋጋ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የ36 ወር ክፍያ በአንድ ጊዜ ሲፈጸም ስለሆነ ደንበኛው በመጀመሪያው ቀን 108 ዶላር ይከፍላል። ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ መደበኛው ዋጋ ይመጣል፤ በወር 12 ዶላር ነው እንበል። ከዚያ ወዲያ በዓመት 144፣ በሦስት ዓመት 432 ዶላር ይከፈላል። ስድስቱ ዓመት ሲደመር 540 ዶላር ይሆናል። ቅናሽ ሳያስነግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በወር 6 ዶላር የሚያስከፍል ሌላ አቅራቢ በእነዚያው ስድስት ዓመታት የሚቀበለው 432 ዶላር ነው። በማስታወቂያ ላይ ሁለት እጥፍ ውድ ሆኖ የታየው አቅራቢ ሲቆይ 108 ዶላር ረክሶ ተገኘ ማለት ነው።

በእርግጥ በየሦስት ዓመቱ አቅራቢ እየለወጠ በመግቢያ ዋጋ ብቻ የሚኖር ደንበኛም አለ። ስሌቱ ለእርሱ ይሠራለታል። አቅራቢዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ የሚያሰሉት ግን አብዛኛው ሰው መዛወሩ አስፈርቶት በዚያው እንደሚቀር ነው።

ይህ የአከፋፈል ስልት እንዴት ሊስፋፋ ቻለ? አንደኛው ምክንያት ደንበኛ ለማግኘት የሚወጣው ወጪ ነው። ምርጥ የሆስቲንግ አቅራቢዎች የሚሉት የደረጃ ዝርዝሮች በብዛት የሚተዳደሩት በኮሚሽን ነው፤ አንባቢው በገጹ ላይ ባለው ማስፈንጠሪያ ሄዶ ሲገዛ ዝርዝሩን ያዘጋጀው አካል ከአቅራቢው ገንዘብ ያገኛል። ይህ ኮሚሽን አንዳንዴ ደንበኛው በመጀመሪያው ዓመት ከሚከፍለው ይበልጣል፤ እንግዲያውስ አቅራቢው ወጪውን የሚመልሰው ከእድሳቱ ነው። ኮሚሽን መኖሩ ብቻ ዝርዝሩን ሐሰት አያደርገውም። ነገር ግን ኮሚሽን የማይከፍል ጥሩ አቅራቢ በእንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ የመግባት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ አንባቢው ሊያውቀው የማይችለውም ያልተጻፈውን ነው።

በሌላ በኩል የአቅራቢዎቹ ወጪ መጨመሩ እውነት ነው። ብዙዎቹ ለደንበኞቻቸው የሚሰጡት ሲፓነል የተባለው መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ክፍያውን በሰርቨር መቁጠሩን ትቶ በአካውንት ብዛት መቁጠር ሲጀምር፣ በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ተከራይ የያዙት አቅራቢዎች ወጪያቸው በአንድ ጊዜ አሻቀበ። እያንዳንዱ ሰርቨር በኢንተርኔት ላይ የሚለይበት ቁጥር፣ ማለትም የአይፒ አድራሻም እንዲሁ ነው። የነባሩ ዓይነት፣ ማለትም የአይፒ ቨርዥን 4 ማዕከላዊ ክምችት እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2011 ከተሟጠጠ ወዲህ እነዚህ ቁጥሮች የሚገዙና የሚሸጡ ሆነዋል። አማዞን እ.ኤ.አ. ከፌብሯሪ 2024 ጀምሮ ለአንድ አድራሻ በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል፤ በ30 ቀን 3 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይመጣል። አድራሻው ብቻውን ከማስታወቂያው ሙሉ ኪራይ ይበልጣል ማለት ነው። በ3 ዶላር የሚከራይ ቦታ በአንድ አድራሻ ሥር በመቶዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾችን የሚያጭቀውም ሌላ መንገድ ስለሌለው ነው። በዚህ ረገድ አቅራቢዎቹ የመግቢያ ዋጋው ማስተዋወቂያ እንጂ እውነተኛው ዋጋ አይደለም ማለታቸው ትክክል ነው። የሚያስወቅሳቸው እውነተኛውን ዋጋ በደቃቅ ፊደል ከገጹ ግርጌ ማስቀመጣቸው ነው።

## በክፍያ ገጹ ላይ የሚታከሉ ነገሮች

ሁለተኛው የዋጋ ምንጭ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ባለው የመጨረሻ ገጽ ላይ ይገኛል። ከኪራዩ ሥር የደኅንነት ጥበቃ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ፣ የግል መረጃ መሸፈኛ፣ በመፈለጊያ ገጾች ላይ ከፍ ብሎ መታየት የሚሉ መስመሮች ይደረደራሉ፤ አንዳንዶቹ ቀድሞውኑ ምልክት ተደርጎባቸው ይቆያሉ። እያንዳንዳቸው በወር ሁለትና ሦስት ዶላር ስለሆኑ ዓይን ውስጥ አይገቡም። አራቱ በዓመት ሲደመሩ ከኪራዩ ሊበልጡ ይችላሉ።

ከእነዚህ መካከል መክፈል ብዙም ትርጉም የሌለው ኤስኤስኤል ለሚባለው ሰርተፊኬት ነው። ሰርተፊኬቱ በጎብኚውና በሰርቨሩ መካከል የሚተላለፈው መረጃ በምስጢር ኮድ እንዲጠበቅ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ክሮም ማሰሻ ይህ የሌላቸውን ድረ ገጾች ሁሉ ደኅንነታቸው ያልተጠበቀ ብሎ ምልክት ማድረግ ከጀመረ ወዲህ ለማንኛውም ንግድ አስፈላጊ ሆኗል። አስፈላጊ መሆኑ ግን የግድ ውድ ነው ማለት አይደለም። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ለትርፍ ያልቆመ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ለሕዝብ ከተከፈተ ጀምሮ ሰርተፊኬት በነጻ ይሰጣል፤ ብዙ አቅራቢዎችም በራስ ሰር እንዲታደስ አድርገው ያቀርቡታል። ነጻውም የሚከፈልበትም የሚጠቀሙት የምስጢር ኮድ ጥንካሬ አንድ ነው። የሚከፈልበት ዓይነት የድርጅቱን ሕጋዊ ማንነት አጣርቶ የሚሰጥ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ክሮምና ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2019 የድርጅቱን ስም ከአድራሻው ጎን ማሳየታቸውን ስላቆሙ ተራው ጎብኚ ልዩነቱን አያየውም።

የግል መረጃ መሸፈኛውም ዋጋው ቀንሷል። ቀድሞ ዶሜይን ያስመዘገበ ሰው ስሙና ስልኩ ለማንም ይታይ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን መዝጋቢዎች ይህን መረጃ በሰፊው መሸፈን ጀምረዋል፤ ብዙዎቹም ያለ ክፍያ ያደርጉታል።

መጠባበቂያ ቅጂ ግን ከእነዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም። ያስፈልጋል፤ ጥያቄው የት ይቀመጣል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው፣ ኦቪኤች ክላውድ የተባለው አቅራቢ ሰርቨሮቹን የሚያኖርበት የዳታ ሴንተር ሕንጻ በእሳት ሲወድም፣ ቅጂያቸው በዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አንድ ላይ አጥተዋል። ስለዚህ አቅራቢው በራሱ ሰርቨር ላይ ለሚያስቀምጠው ቅጂ በየወሩ ከመክፈል ይልቅ፣ ድረ ገጹ ቅጂውን በቀጥታ ወደ ሌላ ድርጅት ማስቀመጫ እንዲልክ ማድረግ ርካሽም አስተማማኝም ነው። ይህ ካልተቻለ ባለቤቱ በወር አንድ ጊዜ ፋይሉንና ዳታቤዙን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ማውረድ ይችላል፤ ለአነስተኛ ድረ ገጽ ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ነው።

በማስታወቂያዎቹ ላይ የሚደጋገሙ ሁለት ቃላትም አሉ። ያልተገደበ የሚለው ቃል ከውሉ ጋር ሲነጻጸር ተገድቦ ይገኛል፤ የማስቀመጫው ቦታ ባይቆጠር የፋይሎቹ ብዛት ይቆጠራል፣ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ተግባሮች ይቆጠራሉ። 99.9 በመቶ አይቋረጥም የሚለው ዋስትና ደግሞ በወር 43 ደቂቃ መቋረጥን ይፈቅዳል፤ ከዚያ ካለፈም የሚመለሰው ከኪራዩ የተወሰነው እንጂ የጠፋው ሽያጭ አይደለም።

## ቁልፉ በማን እጅ ነው?

እስካሁን የተባለው ሁሉ ገበያው ሊያርመው የሚችል ነገር ነው፤ ዋጋው ያልተስማማው ደንበኛ ወደ ሌላ ይሄዳል። ገበያው የሚሠራው ግን መሄድ ሲቻል ነው፤ መሄድ የሚቻለውም ዶሜይኑ በባለንግዱ እጅ ከሆነ ነው። ሆስቲንግ የሚለወጥ ነገር ነው፤ ጎብኚው መለወጡን እንኳ አያውቅም። ዶሜይን ሲጠፋ ግን በማስታወቂያው፣ በንግድ ካርዱና በደንበኞቹ ስልክ ውስጥ ያለው አድራሻ ሁሉ ወደ ባዶ ያመራል፤ በእርሱ ላይ የተመሠረተው ኢሜይልም አብሮ ይዘጋል።

የተለመደው ስሕተት ቀላል ነው። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ነገሩን ለማቀላጠፍ ዶሜይኑን በራሱ አካውንት፣ በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል። ክፋት ላይኖርበት ይችላል፤ ብዙ ጊዜም የለበትም። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ባለሙያው ሥራ ቢለውጥ፣ ኢሜይሉን ቢዘጋ ወይም በክፍያ ቢጣሉ፣ ባለንግዱ በመዝገቡ ላይ እንደ ባዕድ ይቆጠራል። የከፈለበት ደረሰኝ ቢኖረውም መዝጋቢው የሚያውቀው የአካውንቱን ባለቤት ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ማንኛውም የሆስቲንግ ዋጋ ከነሙሉ ክብሩ ይከፈላል።

የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው አይካን ስለ መዛወር ያወጣው ደንብ ለባለቤቱ ያደላል። ዶት ኮምን በመሰሉ አጠቃላይ ዶሜይኖች ላይ ባለመብቱ የማዛወሪያ ኮድ ከጠየቀ መዝጋቢው በአምስት ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። አዲስ የተመዘገበ ወይም በቅርቡ የተዛወረ ስም ለ60 ቀን ሊቆለፍ ስለሚችል ጊዜውን ማስላት ያስፈልጋል። ለዶት ኮም ማዛወሪያ የሚከፈለውም አይባክንም፤ በዶሜይኑ ዕድሜ ላይ አንድ ዓመት ይጨምራል። የየአገሩ የራሱ መለያ ያላቸው ዶሜይኖች ግን በየራሳቸው ደንብ ስለሚተዳደሩ እነዚህ ቀኖች አይሠሩባቸውም።

የዶሜይን ዋጋ ደግሞ ከሆስቲንግ ይልቅ ለመገመት ቀላል ነው፤ የጅምላው ዋጋ ይታወቃልና። ቬሪሳይን የተባለው የዶት ኮም መዝገብ ያዥ ለመዝጋቢዎች የሚሸጥበት ዋጋ ለዓመታት 7 ዶላር ከ85 ሳንቲም ሆኖ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በየዓመቱ አድጎ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ደርሷል። ከዚህ በላይ የሚከፈለው አነስተኛ የአይካን ክፍያና የመዝጋቢው ትርፍ ነው። አንድ ተራ ዶት ኮም ስም ሲታደስ 25 ወይም 30 ዶላር ከተጠየቀበት፣ ትርፉ ምን ያህል እንደሆነ ለመናገር ባለሙያ አያስፈልግም። ከሆስቲንጉ ጋር በነጻ የተሰጠ ዶሜይንም ነጻነቱ ለአንድ ዓመት ስለሆነ በሁለተኛው ዓመት በስንት እንደሚታደስ ማየት ያስፈልጋል።

ማደሱን የረሳ ሰው ዋጋው ይከብደዋል። የዶት ኮም ስም ጊዜው አልፎ ከመዝገብ ሲሰረዝ ወዲያውኑ ለሌላ አይሸጥም፤ ባለቤቱ የሚመልስበት የ30 ቀን ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ክፍያ ከተለመደው እድሳት ብዙ እጥፍ ነው።

ሌላው የመያዣ ዓይነት ድረ ገጹ በተሠራበት መሣሪያ ውስጥ ያለ ነው። ዊክስና ስኩዌርስፔስን የመሳሰሉት መገንቢያዎች ሆስቲንጉን፣ ንድፉንና ጥገናውን በአንድ ክፍያ ያቀርባሉ፤ ምቾታቸው አያጠያይቅም። ነገር ግን የዕቃ ዝርዝርና ጽሑፍ ማውጣት በሚቻልበት ጊዜ እንኳ ንድፉ አብሮ አይወጣም፤ ዋጋው ሲጨምር የሚቀረው ምርጫ መክፈል ወይም እንደ አዲስ መሥራት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለውና በነጻ የሚገኘው ዎርድፕረስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር በአንጻሩ ከአንዱ አቅራቢ ወደ ሌላው እንዳለ ይጓዛል፤ በምትኩ በየጊዜው የማደስና የመጠበቅ ሸክም ይዞ ይመጣል። የትኛው ይሻላል የሚለው እንደ ድርጅቱ ይለያያል። ዶሜይኑ በባለቤቱ እጅ እስካለ ድረስ ግን በሁለቱም በኩል የሚደርሰው ጉዳት ወሰን አለው።

## ርካሹስ መቼ ያስከፍላል?

የውዱ ሆስቲንግ ተከራካሪዎች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ድረ ገጹ በሥራ ቀን ሲቋረጥ ስልክ የሚያነሳ፣ ችግሩን አይቶ የሚፈታ ሰው ማግኘት ገንዘብ ያስወጣል፤ በ3 ዶላር ውስጥ ይህ ሰው የለም። ሽያጩ በሙሉ በድረ ገጹ በኩል የሆነ ድርጅት ለአንድ ሰዓት መቋረጥ የሚያጣው ከዓመቱ ኪራይ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ለማኔጅድ ሆስቲንግ በወር 30 ዶላር መክፈሉ ብክነት አይደለም። አድራሻውን፣ የሥራ ሰዓቱንና የአገልግሎት ዝርዝሩን ብቻ የሚያሳይ ድርጅት ግን ይህን መክፈሉ የሚያስኬድ አይመስልም።

እንዲያውም ለእንዲህ ያለው ዳታቤዝ የማይፈልግ ድረ ገጽ በነጻ የሚያስተናግዱ አገልግሎቶች አሉ፤ ክላውድፍሌር ፔጅስ አንዱ ነው። በዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ውሉ ነው፤ ጊትሀብ ፔጅስ ለምሳሌ በደንቡ ላይ የመስመር ላይ ንግድ ማካሄጃ ሆኖ እንዲያገለግል አይፈቅድም። ገጹን ለመለወጥም በመጠኑ ቴክኒክ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

በሌላው ጫፍ፣ በወር 5 ዶላር ቪፒኤስ ተከራይተህ ሁሉንም ራስህ ሥራ የሚለው ምክር በቴክኒክ ሰዎች ዘንድ ተወዳጅ ነው። ለእነርሱ ትክክል ነው። ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ለሌለው ድርጅት ግን ይህ ቁጠባ አይደለም፤ የጥበቃ ማሻሻያዎቹ ለወራት ሳይጫኑ ይቀራሉ፣ ሰርቨሩ ሲጠለፍም ለማጽዳት የሚከፈለው የብዙ ዓመት ኪራይ ነው። ክላውዱም ሌላ አደጋ አለው፤ ክፍያው በአጠቃቀም ስለሆነ ጣሪያ የለውም። ድረ ገጾችን በራስ ሰር የሚያስሱ ቦቶች፣ በተለይም በቅርብ ዓመታት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መረጃ የሚሰበስቡት፣ አንድም ደንበኛ ሳያመጡ ቆጣሪውን ሊያስሮጡት ይችላሉ። በወር በሚገቡት ጎብኚዎች ብዛት የሚያስከፍሉ የማኔጅድ ጥቅሎችንም ከመግዛት በፊት ቦቶች ይቆጠራሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

## ሲዛወሩ

መዛወር ከሚፈራው ያነሰ ሥራ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ግን ያስቸግራል። አሮጌው አካውንት የሚዘጋው መጨረሻ ላይ ነው። በቅድሚያ አዲሱ ቦታ ተከራይቶ ፋይሉና ዳታቤዙ ይገለበጣል፤ ብዙ አቅራቢዎች አዲስ ደንበኛ ለማግኘት ሲሉ ይህን በነጻ ይሠራሉ። ከዚያ ድረ ገጹ በጊዜያዊ አድራሻ ይፈተሻል፤ ቅጹ መልእክት ይልካል ወይ፣ ፎቶግራፎቹ ይታያሉ ወይ ተብሎ። ከመዛወሩ አንድ ቀን በፊት ዲኤንኤስ በሚባለው የአድራሻ ማውጫ ውስጥ አድራሻው ሳይታደስ ለስንት ሰከንድ እንደሚያዝ የሚወስነው ቲቲኤል የሚለው ቁጥር ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ ቢል፣ አዲሱ አድራሻ በዓለም ዙሪያ በሰዓታት ፈንታ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ኢሜይል ነው። በዲኤንኤሱ ውስጥ ኤምኤክስ የሚባሉት መስመሮች መልእክት ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ ይወስናሉ፤ ድረ ገጹን ብቻ ለማዛወር የተነሣ ሰው ዲኤንኤሱን በሙሉ ሲቀይር እነዚህ መስመሮች አብረው ይጠፉና የድርጅቱ ኢሜይል ጸጥ ይላል። ኢሜይሉ በአሮጌው ሆስቲንግ ውስጥ ከነበረ ደግሞ የቆዩት መልእክቶች በአሮጌው ሰርቨር ላይ ናቸው፤ አካውንቱ ከመዘጋቱ በፊት ካልተገለበጡ አብረው ይሰረዛሉ።

አሮጌው አካውንት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከአዲሱ ጎን እንዲቆይ ቢደረግ የተረሳ ፋይል ለማግኘት ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በራስ ሰር የሚፈጸመው እድሳት ይጠፋል፣ የባንክ ካርዱ ከአካውንቱ ይነሣል፣ የመሰረዣው ማረጋገጫም በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ውሉ ሲቋረጥ በተናጠል የተገዙት የጥበቃና የመጠባበቂያ ቅጂ አገልግሎቶች አብረው የማይቋረጡበት ጊዜ ስላለ እያንዳንዱን መስመር ለብቻ መሰረዝ ያስፈልጋል። ዶሜይኑ በዚያው አቅራቢ ዘንድ ተመዝግቦ ከሆነ ግን የእርሱ እድሳት መጥፋት የለበትም፤ ወደ ሌላ መዝጋቢ ተዛውሮ አዲሱ የማብቂያ ቀን በመዝገቡ ላይ እስኪታይ ድረስ በርቶ ይቆያል።